ባሩድ ቅኔ አያውቅም

«እኔ ስንት ዓመት ስሠራው ምንም አልሆንኩም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። በየሰፈሩ፣ በየቢሮው፣ በየጋራዡ፣ በየሕንፃው ሥራ ላይ ትገኛለች። ሐኪም ሲመክር ትነሣለች፤ መሐንዲስ ሲቆጣ ትነሣለች፤ መጽሐፍ የገለጠ ልጅ «እዚህ ላይ ግን እንዲህ ይላል» ሲል ከሁሉም ቀድማ ብድግ ትላለች። ለማሳመን አትደክምም፤ አፍ ማስያዝ ይበቃታል። ተናጋሪው ሁለት እጁንና ሁለት ዓይኑን ይዞ ፊታችን ቆሞ እየታየ ማን ደፍሮ ይሟገተዋል? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ባሳለፍኳቸው ዓመታት ብዙ ዓረፍተ ነገር አርሜያለሁ። እንደዚህች የምፈራት ግን የለችም። ሰዋስዋ ቀጥ ያለ ነው፤ አስተሳሰቧ ነው የተጣመመው።

ዛሬ ልከሳት ነው። የመረጥኩት ችሎት ግን ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሳይሆንበት አይቀርም። አሜሪካ ውስጥ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ እየለቀሙ በገዛ ቤታቸው እንደገና የሚሞሉ ሰዎች አሉ፤ ችሎቴ የእነሱ ጠረጴዛ ነው።

አትደንግጡ። ማንም ተነሥቶ እቤቱ ጥይት ይሙላ እያልኩ አይደለም። ሰላማችን በጥይት እጥረት አልተጎዳም። ነገሩን ያነሣሁት በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ የእኛ በሽታ እርቃኑን ስለሚታይ ነው። ደግሞስ ጥይት ለእኛ መቼ ባዕድ ሆኖ ያውቃል? በምኒልክ ዘመን ከአሞሌው ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን ጥይትም እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። የፈረንሳዩን ጠመንጃ «ውጅግራ»፣ የእንግሊዙን «ሰናድር» እያልን ስሙን ሳይቀር አማርኛ ያደረግን ሕዝብ ነን።

የእህቴ ልጅ ኮሎራዶ ነው የሚኖረው። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ፈቃድ እያወጣ በየመኸሩ አጋዘን ማደን ከጀመረ ወዲህ ጥይቱን ራሱ ልሙላ አለ። እዚያ ሀገር በፌዴራሉ ሕግ ለራሱ መጠቀሚያ የሚሞላ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም፤ ለሽያጭ የሚሞላ ግን ይጠየቃል። አንዳንዱ የሚሞላው ለቁጠባ ነው፤ አንዳንዱ ለጠመንጃው ልክክ የሚል ጥይት ስለሚፈልግ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በክረምት ምሽት ዝም ብሎ የሚሠራው የእጅ ሥራ ስለሚወድ ነው። አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ናሱ ቀለህ፣ ከቀለሁ ሥር የምትቀመጠው መለኮሻ፣ ውስጡ ያለው ባሩድና አፉ ላይ የሚሰካው አረር። ቀለሁ ደጋግሞ ያገለግላል፤ ሦስቱ ግን በየጊዜው ይገዛሉ። ጀማሪውን ግራ የሚያጋቡት ከሦስቱ ሁለቱ ናቸው። የትኛው ባሩድ? የትኛው አረር? ሱቁ ውስጥ ባሩዱ በቁጥርና በፊደል ተሰይሞ መደርደሪያ ሙሉ ነው፤ አረሩም እንዲሁ።

ከባሩዱ ልጀምር። ባሩድ ሁሉ ባሩድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ልዩነቱ ያለው በሚነድበት ፍጥነት ላይ ነው። ለሽጉጥ የሚሆነው ባሩድ ቶሎ ይነዳል፤ ለጠመንጃ የሚሆነው ዝግ ይላል። ቀለሁ ትልቅ፣ አረሩም ከባድ እየሆነ ሲሄድ የሚፈለገው ባሩድ ይበልጥ ዝግ ያለ ነው። ዝግተኛው በሚገባበት ቀለህ ፈጣኑን የጨመረ ሰው ጠመንጃ ሳይሆን ቦምብ ይዟል።

እዚህ ላይ ታሪክ አንድ ትምህርት አስቀምጦልናል። የጥንቱ ጥቁር ባሩድ ከመቶው 75 እጅ ጨው ጴጥሮስ፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ነበር፤ የሚለካውም በስፍር ነው። አንድ ማንኪያ ሞልተህ ታፈሳለህ፤ ትንሽ ቢበዛ ትንሽ ቢያንስ ይቅር ይላል። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ጭስ የማያወጣውን ባሩድ ሠራ፤ በ1886 የወጣው የፈረንሳይ ጦር ለበል ጠመንጃም ይህንኑ ይዞ መጣ። አዲሱ ባሩድ በዚያው ስፍር ሲለካ ጉልበቱ ከአሮጌው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ስለዚህ ከስፍር ወደ ሚዛን መሄድ ግድ ሆነ። ይህን ያልሰማ፣ ወይም ሰምቶ የናቀ፣ በአሮጌው ማንኪያ አዲሱን ባሩድ እየሰፈረ ጠመንጃውን እጁ ላይ ፈነዳበት። ልብ በሉልኝ፤ ይህ ሰው ልምድ የሌለው ሰው አይደለም። ልምድማ ሞልቶታል። ልምዱ የሌላ ባሩድ ልምድ ነበር እንጂ።

ዛሬ ባሩድ የሚመዘነው «ግሬን» በሚሉት መለኪያ ነው። ቃሉ የእህል ፍሬ ማለት ነው፤ ጥንት በገብስና በስንዴ ፍሬ ከመመዘን የመጣ። ከአንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ይወጣል፤ አንድ ግራም 15 ግሬን ተኩል ገደማ ይሆናል። በዚህች በእህል ፍሬ በምታክል ክብደት ነው እንግዲህ ደህና ጥይትና መጥፎ ጥይት የሚለያዩት። እጅህ አያውቃትም፤ ዓይንህም አያውቃትም። የምታውቃት ሚዛን ብቻ ናት።

ሌላው ወጥመድ ስም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብሩስ ሆጅደን የሚባል አሜሪካዊ ጦሩ የተረፈውን ባሩድ እየገዛ ለአዳኞች በርካሽ ይሸጥ ነበር። አንዱ ለ20 ሚሊ ሜትር መድፍ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ቁጥሩም 4831። ኋላ ሌላ ድርጅት በዚሁ ቁጥር ሌላ ባሩድ አወጣ። ዛሬ ገበያ ላይ «ኤች 4831» አለ፣ «አይ ኤም አር 4831» አለ። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ባሩዱ አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው ይፈጥናል። የአንዱን መጠን ለሌላው መውሰድ ክልክል ነው። 4350 የሚባለውም እንዲሁ በሦስት የንግድ ስም የሚሸጥ፣ ሦስት የተለያየ ባሩድ ነው።

እኔ የቅኔ ወዳጅ ነኝ። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ይዞ ሲገኝ ደስ ይለኛል፤ ሰሙን ገልጬ ወርቁን ስፈልግ ነው የኖርኩት። ባሩድ ላይ ግን ሰምና ወርቅ የለም። በቆርቆሮው ላይ ያለችው «ኤች» የምትባል ፊደል ጌጥ አይደለችም። እሷን የዘለለ አንባቢ ግጥም አያበላሽም፤ ጣት ያጣል።

ታዲያ ጀማሪ ምን ያድርግ? መልሱ አሰልቺ ነው፤ እውነተኛ መልስ አብዛኛውን ጊዜ አሰልቺ ነው። የባሩዱና የአረሩ ሠሪዎች ያሳተሙትን የመጠን መጽሐፍ ይግዛ። በያዘው ጥይት ስምና በመረጠው አረር ሥር የተዘረዘሩትን ባሩዶች ይይ። ከእነሱ መካከል ቀለሁን ከግማሽ በላይ የሚሞላውን ይምረጥ፤ እንዲህ ያለው ባሩድ በስህተት ሁለት ጊዜ ቢጨመር ሞልቶ ይፈስሳልና ዓይን ያየዋል። ቀለሁን በጥቂቱ ብቻ የሚይዝ ባሩድ ግን ሁለቴ ቢገባም ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ከዚያ ከሠንጠረዡ ዝቅተኛ መጠን ይጀምርና እየተኮሰ፣ ቀለሁን እያየ፣ ጥቂት በጥቂት ይውጣ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባቶቻችን ጥይት ባይሞሉም ሥራውን ያውቁታል።

ይህን ሁሉ የእህቴ ልጅ አንብቧል። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ተገልጧል፤ ገጹ በእርሳስ ተሰምሮበታል። አንድ ቅዳሜ እኔም እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ በዕድሜ እኔን የሚያክል አንድ የሀገራችን ሰው መጣ። ብዙ ዘመን ሲያድን የኖረ፣ ደግ፣ ተጫዋች ሰው ነው። መጽሐፉን አየና ሳቀ።

«ተው አንተ ልጅ! ይሄን የጻፉት ጠበቆች ናቸው እኮ። ክስ ፈርተው ነው ቁጥሩን ያሳነሱት። ከመጨረሻው ቁጥር ጀምርና ትንሽ እለፈው። እኔ አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ስሞላ ምንም አልሆንኩም።»

መጣችላችሁ ዓረፍተ ነገሯ! አትላንቲክን ተሻግራ።

የእህቴ ልጅ ምን ይበል? «እሺ ጋሼ» አለ። በእኛ ወግ ሌላ የሚባል ነገር የለም። ታላቅ ሲናገር ታናሽ አንገቱን ይሰብራል። ወጉን አልጠላውም፤ ያደግሁበት ነው። ነገር ግን «እሺ ጋሼ» ብለው ያደጉ ስንት ልጆች ናቸው ትክክል የሆነውን እያወቁ ስህተት የሠሩት? ባሩድ ጋሼ አይልም። አክብሮት ባሩዱ በሚፈጥረው ግፊት ላይ አንዲት ነጥብ አይቀንስም።

እስቲ ይህችን የጠበቆች ነገር እንመርምራት። እዚያ ሀገር ጥይት በሚሞሉ ሰዎች ዘንድ የታወቀች ወሬ ናት። እውነት ነው፣ አሜሪካኖች ክስ ይፈራሉ። ነገር ግን የሠንጠረዡን ቁጥር የሚያወጣው ግፊት የሚለካ መሣሪያ ነው። በ1906 የወጣው .30-06 የተባለው የታወቀ ጥይት ሲተኮስ እንዲያልፈው የማይፈቀድለት ግፊት በአንድ ኢንች ካሬ 60,000 ፓውንድ ነው። የመኪናችሁ ጎማ 32 ገደማ ነው የሚይዘው። ወደ ሁለት ሺህ እጥፍ ማለት ነው፤ ያውም ከተኳሹ ጉንጭ በስንዝር ርቀት። ይህን ግፊት ከቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ማን ያየዋል? ቀለሁ ላይ የሚታዩ ምልክቶች አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚታዩት ግን ወሰኑ ከታለፈ በኋላ ነው።

«ምንም አልሆንኩም» ሲልስ ምን እየነገረን ነው? አንድ ጠመንጃ፣ አንድ ቆርቆሮ ባሩድ፣ አንድ አየር። ሌላ ጠመንጃ ሌላ ነው፤ ከአንዱ ዙር ምርት ወደ ሌላው ዙር ባሩድ በጥቂቱ ይለዋወጣል። በብርዱ ወራት ተሞልቶ በደህና የተተኮሰ ጥይት በበጋው ፀሐይ ሲግል ግፊቱ ይጨምራል። የሰውየው አሥራ አምስት ዓመት የእሱ ብቻ ነው፤ ለእህቴ ልጅ አይተላለፍም። ደግሞም አንድ ነገር እንጨምር፦ ጠመንጃው ዓይኑ ላይ የፈነዳበት ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ቤት እየዞረ «እኔ ምንም አልሆንኩም» አይልም። የምንሰማው የተረፉትን ብቻ ነው። የተረፈ ሁሉ ደግሞ ዐዋቂ አይደለም፤ አንዳንዱ ገና ተራው ያልደረሰ ነው።

ባሩዱ ላይ ይህን ያህል ከቆየሁ አረሩን መዘንጋቴ አይደለም። እንዲያውም መቅደም የነበረበት እሱ ነው። ጀማሪ ሁሉ «የትኛው ይፈጥናል? የትኛው ሩቅ ይሄዳል?» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን «ምን ልመታበት ነው?» መሆን አለበት። ወረቀት የሚበሳ አረርና እንስሳ የሚገድል አረር አንድ አይደሉም። ዙሪያውን በብረት የተለበጠው የወታደር አረር ሥጋ ውስጥ ሳይከፈት ያልፋል፤ እንስሳው ቆስሎ ጫካ ገብቶ ቀናት ሲሰቃይ ይሞታል። በዚህም ምክንያት ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ትላልቅ እንስሳትን በእሱ ማደን ይከለክላሉ። በተቃራኒው ደግሞ ቶሎ የሚበተን አረር አለ። ጆን ኖስለር የተባለ አዳኝ በ1946 ካናዳ ውስጥ ጭቃ የተለሰነ አንድ ግዙፍ ሙስ ላይ ተኩሶ አረሩ ቆዳው ላይ እየተበተነ አስቸገረው ይባላል። ቤቱ ገብቶ መሐሉ ላይ ግድግዳ ያለው፣ ፊቱ ሲከፈት ኋላው የማይበተን አረር ሠራ፤ በ1948ም ድርጅት አቋቋመ። ይህ ሰው «ድሮም በዚህ ነው የምናድነው» ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ማን ይወቅሰው ነበር?

ክብደቱም ቢሆን እንደ ስሙ ያታልላል። ካሊፎርኒያ ኮንዶር የተባለው ትልቅ አሞራ አዳኝ ጥሎት ከሄደው ሥጋ ጋር እርሳስ እየበላ በመመረዙ ግዛቷ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ መዳብ አረር ዞሯል። መዳብ ከእርሳስ ይቀላልና 180 ግሬን የሚመዝን የመዳብ አረር ከእርሳሱ 180 ይረዝማል። የረዘመ አረር ቀለሁ ውስጥ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ለባሩዱ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል፤ ግፊቱ ይለወጣል። በሚዛን አንድ ናቸው፤ በሥራ ግን አንድ አይደሉም። መጽሐፉ «ይህ አረር» ሲል ይህንኑ አረር ማለቱ ነው፤ «የሚመስለውን» ማለቱ አይደለም።

ከኮሎራዶ ጋራዥ ወደ ቤታችን እንመለስ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሕግ አለ፦ ባሩድ ከገዛ ቆርቆሮው አይወጣም፤ ለሥራ ከወጣም አንድ ዓይነት ብቻ ነው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፤ ስሙ የጠፋበት ባሩድ ከተገኘ ሳይገመት ይወገዳል። እኛ ቤትስ? በረኪና በሃይላንድ ላስቲክ! ላምባ በለስላሳ ጠርሙስ! ዕቃው ያው ውሃ የጠጣንበት ነው፤ ቦታውም ያው ወጥ ቤት ነው። ልጅ ሲጠማው ያየውን ያነሣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሆስፒታል ያሉ ነርሶች ያውቁታል። ለእናትየው «ስም ለጥፊበት» ቢሏት ምን ትላለች? «ኧረ እኛ ሁሌም እዚሁ ነው የምናስቀምጠው!»

የሲሚንቶውን ነገር ተመልከቱ። አሸዋው በግምት፣ ጠጠሩ በግምት፣ ውሃው ደግሞ «እንዲቀል» ተብሎ ይጨመራል። ውሃ ሲበዛ ኮንክሪት እንደሚደክም መሐንዲሱ ቢናገር ግንበኛው «ስንት ፎቅ አቁሜያለሁ!» ይለዋል። መድኃኒቱን ተመልከቱ። «ለእኔ ሠርቶልኛል» ብሎ የተረፈውን ኪኒን ለጎረቤት የሚያካፍል ደግ ሰው በየደጁ ነው። አዲስ ዕቃ ስንገዛ ካርቶኑ ሲጣል የአጠቃቀም መመሪያው አብሮ ይጣላል። የተማርነውም ከዚህ አልዳንን። ዲግሪ ጭነን መመሪያ ማንበብ የሚያሳፍረን ሰዎች ነን፤ ማንበብ የማያውቅ እንዳይመስለን የምናፍረው ማንበብን ራሱን ነው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። «እናቶቻችን ዶሮ ወጥ የሚሠሩት በሠንጠረዥ ነው ወይ?» ይሉኛል። አይደለም። የእናቶቻችን ግምት ዕውቀት ነው፤ እጄን አነሣለታለሁ። ግን ምክንያቱን እንየው። ወጥ ይቀመሳል። ጨው ቢጎድል ይጨመራል፤ ቢበዛ መላ ይፈለጋል። ስህተቱ ጉዳት ሳያደርስ ራሱን ይናገራል፤ እጅም እየተማረ ይሄዳል። ባሩድ አይቀመስም። የኮንክሪት ምሰሶም አይቀመስም። በረኪና ሲቀመስ ደግሞ ያለቀለት ነው። ልምድ አስተማሪ የሚሆነው ስህተቱ በትንሹ ቀጥቶ በሚለቅበት ሥራ ላይ ነው። በአንድ ጊዜ ዋጋውን ሁሉ በሚያስከፍል ሥራ ላይ ግን መምህሩ ሌላው ሰው ያየውና የጻፈው ነው። ያ በሠንጠረዥ የተቀመጠ ቁጥር ደረቅ ቁጥር አይምሰላችሁ። አንዳንዱ ቁጥር የተገኘው መሣሪያ ተሰብሮ ነው።

መጽሐፍ ይመለክ ማለቴም አይደለም። የጥይት መጽሐፍም ያረጃል፤ ባሩዱም የመለኪያ መሣሪያውም ተለውጦ የድሮ እትም አደገኛ የሆነበት ጊዜ አለ። ሁለት መጻሕፍት ለአንድ አረር ሁለት ቁጥር ይሰጣሉ፤ የሞከሩበት አፈሙዝ ይለያያልና። ጥንቁቅ ሰው ዝቅተኛውን ይዞ ይጀምራል። «ካነሰ ደህና ነው» ብሎ ከሠንጠረዡ በታች መውረድም አያዋጣም፤ ባሩዱ ቢያንስ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ያንን ሳያይ ሁለተኛ የተኮሰ ሰው አፈሙዙን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ማንበብ ማለት ቁጥር በቃል መያዝ አይደለም። መጽሐፉ መቼ ታተመ፣ ስለየትኛው አረር ነው የሚናገረው፣ ከየት ጀምር ይላል፣ የት ላይ ቁም ይላል ብሎ መጠየቅ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ልብ ወለድ ሳስተምር የምለው ይህንኑ ነበር፤ የጻፈውን አንብቡ እንጂ የመሰላችሁን አታንብቡ።

የእህቴ ልጅ «እሺ ጋሼ» ካለ በኋላ እንግዳውን በክብር ሸኘው። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ሚዛኑን ዜሮ ላይ አስተካከለ፤ የተሰመረበትን ገጽ ገልጦ ከዝቅተኛው ቁጥር ጀመረ። ታላቁንም አላስከፋም፣ መጽሐፉንም አልናቀም።

ግን ለምን ይደበቅ? አንድ ወጣት ትክክለኛውን ነገር ለመሥራት ታላቁ እስኪወጣ መጠበቅ አለበት ወይ? የሚሰማኝ ቢኖር እንደኔው ፀጉሩ የሸበተውን አንባቢ ነው የማናግረው። ልጅህ፣ ሠራተኛህ፣ ተማሪህ መጽሐፍ ገልጦ፣ ሚዛን አስቀምጦ፣ ምልክት እያነበበ ካገኘኸው «ተወው» አትበለው። ወንበር ስበህ አጠገቡ ተቀመጥና «እስቲ ምን ይላል?» በለው። ልምድህን ከዚያ በኋላ ንገረው፤ ከቁጥሩ ጋር ከተስማማ ይጠቅመዋል፤ ካልተስማማ ግን ለዛሬው ዝም በል።